ታፔላዬን አላወርድም

ነገሩ የጀመረው በሹራብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መካኒሳ አስፋልቱ ዳር የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ከሚዘረግፉት ነጋዴዎች አንዱ ጋ ግራጫ ሹራብ አገኘሁ። ደረቱ ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «ዋን ኦፍ ኤ ካይንድ» ይላል። ያኔ ሰው ቤት ተቀጥሬ የሀበሻ ቀሚስ እሰፋ ነበር። ፊደሉን ማንበብ አላቃተኝም፤ ትርጉሙን ግን ስላላወቅሁት ወስጄ ለባለቤቴ አሳየሁት። ባለቤቴ ከላፍቶ ሜክሲኮ ሚኒባስ ይነዳል። በወጣትነቱ አስራ ሁለተኛን ስለጨረሰ እንግሊዝኛ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ወንበሩ ላይ ይስተካከላል።

«አቻ የሌለው፣ አንድ ብቻ የሆነ ማለት ነው» አለኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ። በማግስቱ እሁድ ከነጠላዬ ስር ለብሼው ወጣሁ፤ ነጠላዬንም ደረቴ ላይ ሳላጣፋ ገለጥ አድርጌ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ረዳት ያንኑ ሹራብ ለብሷል። ደረት ለደረት ተያየን። እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም። በዚያው ሳምንት ሀና ማርያም አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ለብሳው አየሁ፤ ላፍቶ ደግሞ አንድ ጥበቃ ከዩኒፎርሙ ስር ደርቦታል። አቻ የሌለው ሹራብ ከነአቻዎቹ ሰፈሩን ሞልቶታል። ቤት ስገባ አውልቄ ወረወርኩት። ባለቤቴ ነገሩን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ከሳቀ በኋላ፣ «ሹራቡማ ሙሉ ቦንዳ መጥቷል፤ አንድ የሆንሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ምርጥ ቃል ነበር፤ ግን ተናድጄ ስለነበር በጊዜው አላመሰገንኩትም።

እንግሊዝኛው በአእምሮዬ ቀረ። ለዚህ ነገር አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። ወደር የለሽ አለ፤ እሱ ግን ለማስታወቂያና ለመድረክ ነው፣ ሰው ጎረቤቱን ወደር የለሽ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ብርቅዬ አለ፤ እሱን ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ ሰጥተነዋል። ልዩ አለ፤ ነገር ግን እናቴ «አንቺ እኮ ልዩ ነሽ» ካለችኝ ቀጥሎ የሚመጣው ኩርኩም ነበር። አንድ ለእናቱ አለ፤ እሱ ፍቅርም ስጋትም አለበት፤ አንድ ለእናቱ የሆነ ልጅ ሲያስል ሰፈሩ ሁሉ ይደነግጣል። ከሰው መለየት እኛ ዘንድ ምርቃት ሆኖ አያውቅም። ምርቃታችን «ከእኩዮችሽ አያሳንስሽ» ነው። እኔም ስመረቅ ያደግሁት በዚሁ ነው፤ አሜን እያልኩ በሆዴ ግን እኩዮቼ የለበሱትን አልለብስም እል ነበር።

የተቀጠርኩበት ቤት ሥራው ሁሉ ቅጂ ነበር። ደንበኛ ስልኳን ይዛ ትገባለች፣ ፎቶ ትከፍታለች፣ «ልክ እንደዚህ» ትላለች። ልክ እንደዚያ ይሰፋል። በሳምንቱ ሌላዋ የእሷን ፎቶ ይዛ ትመጣለች፣ «ልክ እንደዚህ»። የሰርግ ሰሞን ደግሞ የሚዜ፣ የአክስት፣ የእህት፣ የዕድርተኛ እየተባለ አንድ ቀሚስ በሰው ልክ ሲቆረጥ ይከርማል። አንድ ዓይነት መልበስ ዘመድ መሆንን ማሳያ ነው፤ ይገባኛል። እጄ ግን ሰለቸው። ያንን ጥለት በዚያ አንገት፣ ያንን አንገት በዚያ እጅጌ እየገጣጠምኩ ዓመታት ከሄዱ በኋላ የራሴን ቤት ከፈትኩ።

መካኒሳ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁና ታፔላ ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። ምን ልጻፍልሽ ሲለኝ አላሰብኩም፤ «ዋን ኦፍ ኤ ካይንድ» አልኩት። ከስሩ ደግሞ እንግሊዝኛ ለማያነብ በአማርኛ «አንድ ዲዛይን ሁለቴ አይሰፋም» እንዲል አዘዝኩ። ሠሪው ቀና ብሎ አየኝና ደንበኛ እንደማባርር ነገረኝ። ደንበኛዬን እኔ አውቃለሁ ብዬ መለስኩለት። ውሸቴን ነበር፤ ያኔ አንድም ደንበኛ አልነበረኝም።

እውነትም አባረርኩ። «ልክ እንደዚህ» ብላ የገባችውን ሁሉ ለአንቺ ሌላ ልሥራልሽ እላታለሁ፤ ግማሾቹ እየሳቁ፣ ግማሾቹ እያኮረፉ ይወጣሉ። የቀሩት ግን ቀሩ፣ ቀስ እያሉም ሰው ይዘው መጡ። ሥራው መያዙ ሲታይ ሰፈሩ እንደልማዱ አደረገ። እኛ ጋ ጁስ ቤት ከተከፈተ ከጎኑ ጁስ ቤት ይከፈታል። ከኔ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ «ዋን ኦፍ ኤ ካይንድ» ብሎ ለጠፈ፤ ቀጥሎ ያለው ዳቦ ቤት ለጠፈ፤ አንድ ባጃጅም ከኋላው ለጥፎ ከሀና ማርያም ላፍቶ ይመላለስ ጀመር። ባለቤቴ ባጃጁን ባየ ቁጥር ዘመድሽ አለፈ ይለኛል። እኔ ግን የአማርኛውን መስመር ማንም እንዳልገለበጠ አይቼ ነበር። እሱን መገልበጥ ዋጋ ያስከፍላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ሴት ከእናቷ ጋር በሬ ላይ ቆማ ታፔላውን እያነበበች ስትስቅ ሰማኋት። ደሜ ፈላ። ወጥቼ ምን እንዳሳቃት ጠየቅኋት። ላፍቶ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንደምታስተምርና በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቿ ይህንኑ አባባል አስተምራ መውጣቷን ነገረችኝ። ከክፍል ወጥታ ግድግዳ ላይ ሲጠብቃት ነው የሳቀችው። ንዴቴ በረደና ግቢ አልኳት። ለሰውም ለዕቃም ይባላል፣ አለችኝ፤ ብዙ ጊዜ በፍቅር ነው፤ አንዳንዴ ግን አንድ ሰው ሲያስቸግርና ቃል ሲጠፋለት ራስ እየነቀነቁም ይሉታል። እንደ እናቴ «ልዩ ነሽ» ማለት ነዋ አልኩ። እሷም ሳቀች። «ሰው አፍ ላይ ሲሆን ቀላል ነው፤ ታፔላ ላይ ግን ቃል መግባት ነው» አለች። ከስሩ ያለውን አላነበብሽውም ብላት፣ አንብባው እንደገባች ነገረችኝ።

ሙሽራ ነበረች። የመልስ ቀሚስ ነው የምትፈልገው። እናቷ ከላፍቶ የድሮ ገበሬዎች አንዷ ናቸው። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። እሳቸው ሀና ማርያም አንድ ግቢ ይዘው ጥቂት ላሞች ያልባሉ፣ ወተቱንም ለእነዚያው ኮንዶሚኒየሞች ያቀርባሉ። ባላቸው ልጅቷ ዳዴ ሳትል ነው የሞቱት፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ዓይናቸው ደከም ስላለ የማሳያቸውን ጨርቅ ሁሉ አፍንጫቸው ድረስ እያስጠጉ ያያሉ። መምህሯ ስለአንገቱና ስለእጅጌው ስታወራ እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«የኔ ልጅ አንድ ናት። ልብሷም አንድ ይሁን።»

ይህን ካሉኝ ወዲያ ሌላ ሥራ ሁሉ ሁለተኛ ሆነ። ጥለቱን ሽሮ ሜዳ ወርጄ ራሴ ሸማኔው ጎን ተቀምጬ አስወጣሁት፤ የበቆሎ ቅጠል አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ የወርቅ ክር የሚሮጥበት። ከግራ ትከሻ ተነስቶ ደረቱን በሰያፍ አቋርጦ እስከ እግሯ እንዲወርድ አደረግሁት። እንደዚያ አድርጌ አላውቅም፣ ሰውም ሲያደርግ አላየሁም። ልትለካው የመጣች ቀን መስታወቱ ፊት ቆማ ጥለቱን ከትከሻዋ ጀምራ ቁልቁል በጣቷ ተከተለችው። እናቷ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሷት፤ ፎቶውንም እንደልማዳቸው አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም በሥራዬ ኮራሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የኮራሁት እኔ ነኝ።

ሰርጉ እሁድ፣ መልሱ ማክሰኞ ሊሆን አርብ ከሰዓት አንዲት ደልደል ያሉ ሴት ፌስታል ይዘው እየሳቁ ገቡ። የሙሽራው እናት ነበሩ፣ የመምህሯ አማት ሊሆኑ ሁለት ቀን የቀራቸው። ግንባሬን ሳሙኝ፣ እጄን ባረኩ። ከዚያ ፌስታሉን ከፈቱና አንድ ቀሚስ አወጡ። የበቆሎ ቅጠል አረንጓዴ፣ ከግራ ትከሻ በሰያፍ የሚወርድ። ጥለቱ የማሽን ነው፣ ወርቁም ያብለጨልጫል እንጂ አይሮጥም። ከሩቅ ላየው ግን ያው ነው፣ የኔው ቀሚስ ነው።

ሌላ ሰፈር አሰፍተው እጅጌው ሰፍቷቸው ነው የመጡት፤ መቼም ሥራው ያንቺ ነውና ልኩን ታውቂዋለሽ አሉኝ። ለካ የሙሽሪት እናት ያንን ፎቶ ደስታው ከብዷቸው ለእሳቸው ልከውላቸው ኖሯል፤ እዩልኝ ልጄን ለማለት። እሳቸው ደግሞ ፎቶውን ሲያዩ ወደዱት፣ ከመውደዳቸውም የተነሳ ለእህቶቻቸው፣ ለምራቶቻቸው፣ ለዕድር ጓደኞቻቸው፣ ለሃያ ምናምን ሴት አንድ ላይ አሰፉት። ዩኒፎርም። ጉሮሮዬ ውስጥ የተዘጋጀው ስድብ ብዙ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«እህት የላት፣ ወንድም የላት፣ አባቷም የለ» አሉኝ። «ብቻዋን የመጣች እንዳትመስል፣ ሁላችንም እሷን ለብሰን አጅበናት እንገባለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል?»

ስድቡን ዋጥኩት። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ክፋት ቢሆን መቀሴን ይዤ እነሳ ነበር፤ ፍቅር ሆነብኝ። እጅጌውን በመርፌ ያዝኩላቸው፣ ለሰኞ አደርሰዋለሁ ብዬ ሸኘኋቸው፣ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጌ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለልጅቷ ነው፣ ለእናቷ ነው፣ ለራሴም ነው። እናት አንድ ይሁን ያሉት ቀሚስ ሃያ ምናምን ሆኖ ማክሰኞ ግቢያቸው ሊገባ ነው፤ በሬ ላይ ደግሞ «ሁለቴ አይሰፋም» የሚለው ታፔላዬ ተሰቅሏል። ባለቤቴ ሲመጣ መሰላል አምጥተህ ታፔላውን አውርድልኝ አልኩት። ነገሩን እስከመጨረሻው ሰማኝና ማክሰኞ ማታ አወርደዋለሁ፣ እስከዚያ ይቆይ አለኝ። እሱ ቀጠሮ ሲሰጥ ነገር እስኪበርድ እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን የሚበርድ አልመሰለኝም።

ሳይመሽ ደውዬ መምህሯንና እናቷን አስጠራኋቸው። ሌላ ሰው ከሚነግራቸው እኔ ልንገራቸው ብዬ ነው። እናትየዋ ሲሰሙ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ነው የላክሁት እያሉ አለቀሱ፣ ጉልበታቸውን መቱ። መምህሯ እናቷን አቀፈቻቸው። ቀሚሱን ይተዉት ብለን አማትሽን እንለምን ብላት በፍጹም አለች፤ በፍቅር ያሰፉትን ቀሚስ አውልቁ ብላ ትዳር አትጀምርም። በሦስት ቀን አዲስ ልሥራልሽ ብላት እሱንም አልፈለገችም። ይህን ቀሚስ ወዳዋለች። መስታወቱን እያየች ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«እነሱ ብቻዬን እንዳልሆን ብለው ነው፤ ደስ ይላል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ስገባ እናቴ ከሩቅ እንድትለየኝ ነው።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ዓይናቸው የደከመ እናት ከሃያ ምናምን አረንጓዴ ቀሚስ መሐል አንዲት ልጃቸውን መለየት አለባቸው። እናትየዋ ይህን ሲሰሙ ማልቀሱን አቆሙ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብለው ተነሱ፣ ምን ይዘው እንደሚመጡ ግን አልነገሩንም።

ቅዳሜ ጠዋት በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። የራሳቸው የሰርግ ነጠላ ነበር። ማግ የሆነውን ጥጥ እናታቸው ናቸው በእጃቸው የፈተሉት፤ ጥለቱ ጫፍና ጫፉ ላይ ስንዝር የሚያህል ስፋት ያለው ቀይ ነው፣ የበርበሬ ቀይ፣ ቢጫ ጠርዝ ያለው። ክሩ አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የእናታቸው ጣት አሁንም ክሩ ላይ አለ። ፈታዩዋም ሸማኔውም ዛሬ በሕይወት የሉም። የጤፉ ማሳ ጭምር የለም። ማክሰኞ ሊለብሱት ከሳጥን ያወጡት ነጠላ ነበር።

እኔ ጨርቅ ስቆርጥ ሁለቴ አላስብም። የተበላሸ ጨርቅ ይገዛል፣ የተበላሸ ጥለት ይታዘዛል። ይሄ ግን ቢበላሽ በዓለም ላይ ሁለተኛ የለውም። ታፔላዬ ላይ የጻፍኩትን ነገር በእጄ የያዝኩት ያን ጠዋት ነው ማለት እችላለሁ፤ እናም ፈራሁ። መቀሱን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ እንደገና አነሳሁ። እናትየዋ አላዩኝም ብዬ ነበር፤ ዓይን ሲደክም ጆሮ ይነቃል መሰለኝ የመቀሱን መነሳትና መቀመጥ ሲሰሙ ኖረዋል።

«ቁረጪው ልጄ» አሉኝ። «ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ማንን አጀበ?»

ቆረጥኩት። አንደኛውን ጫፍ ብቻ ነው የቆረጥኩት፤ ሌላኛው ጫፍ ከነጥለቱ ለእሳቸው እንዲቀር ብዬ። ከዚያ የኮራሁበትን የሰያፍ አረንጓዴ ጥለት ስፌት በስፌት ተረተርኩት። ብዙ የደከምኩበት ነበር። ግን ቀዩን ጥለት ከአንገቷ ስር ጀምሬ ቀጥ አድርጌ ቁልቁል ስዘረጋው ልክ የቀሚሱ ጠርዝ ላይ ሄዶ አለቀ። አልተረፈም፣ አልጎደለም። እናትየዋ በእጃቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱትና ሳቁ። አረንጓዴውንም አልጣልኩትም፤ እጅጌዋ ጫፍ ላይና ቀሚሱ ግርጌ ዙሪያ ቀጠን አድርጌ መለስኩት፣ ከአጃቢዎቿ ጭራሽ እንዳትለይ። እንዴት እንደዚያ ለማድረግ እንዳሰብኩ አላውቅም። እጄ ነው ያሰበው።

ማክሰኞ ተጋብዤ ሀና ማርያም ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ላሞቹ ጎረቤት ተወስደዋል። እናትየዋ ነጠላቸውን አጣፍተው የቀረውን ጥለት ደረታቸው ላይ አድርገው በር ላይ ቆመዋል። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። እኔ ከጎናቸው ቆምኩ። የመኪና ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማ፣ ቀጥሎ ከበሮ፣ ከዚያም ኮብልስቶኑ መታጠፊያ ላይ አጀቡ ብቅ አለ። አረንጓዴ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ረድፍ አረንጓዴ፣ በሁለተኛውም አረንጓዴ፣ አማትየዋ ከፊት ሆነው እያጨበጨቡ ያስኬዱታል። ከሁለት ወገን ያለው ጎረቤት በየደጁ ወጥቶ እንዴት ያምራሉ ይላል። እውነትም ያምራሉ፤ ያን ቀን ሳየው ሃያ ምናምን ሴት አንድ ዓይነት ለብሳ ስትመጣ የሚያስፈራ ግርማ አላት።

እናትየዋ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ያያሉ። ጎናቸው ያለችው ሴት ልጃቸው የቱ ጋ እንዳለች ልትጠቁማቸው ስትል እጇን ያዝኩት። ማንም እንዲነግራቸው አልፈለግሁም። አጀቡ ወደ በሩ ሲቃረብ ሴቶቹ እየዘፈኑ ግራና ቀኝ ተከፈሉ፣ ከመሐላቸውም አንድ ቀይ መስመር ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ያቻት» አሉ እናትየዋ። «ያቺ የኔ ናት።»

ለማንም አይደለም የተናገሩት። ከዚያ ድንኳኑን፣ ወጉን፣ እንግዳ የሚቀበልበትን ሥርዓት ሁሉ ትተው ወደፊት ሄዱ። አጃቢውን አልፈው፣ ሙሽራውን አልፈው፣ ልጃቸው ፊት ደርሰው ደረቷን ከደረታቸው አገጣጠሙ። የእናትየዋ የጥለት ጫፍና የልጅቷ ቀሚስ ላይ ያለው አንድ ጨርቅ መሆኑን ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አየ። እልልታው ሲነሳ ከሀና ማርያም አልፎ ላፍቶ የተሰማ መስሎኛል። የእናትየዋ የድሮ ጎረቤቶች፣ የእርሻው ዘመን ሰዎች፣ አንድ በአንድ እየመጡ ጥለቱን ዳሰሱ። አንዷ አሮጊት ክሩን በሁለት ጣታቸው ሲፈትሹ ቆይተው በኦሮምኛ የፈታዩዋን ስም ጠሩ። ሞተው የቀሩት ሴት የልጅ ልጃቸው መልስ ላይ ተገኙ። እኔ እዚያው ቆሜ እንደ ሕጻን አለቀስኩ፤ ያሁኑ ግን የአርቡ ዓይነት አልነበረም።

የፈራሁት አማትየዋን ነበር። ዘፈኑን አቁመው የምራታቸውን ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አዩ፣ ከዚያ የራሳቸውን አዩ። ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ገባቸው፤ ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አይቻለሁ። ሊከፋቸው ይችል ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ቀዩን ጥለት ሳሙና ቀና ሲሉ ከቅድሙ በባሰ ድምፅ ዘፈኑን አነሱት። ሴቶቻቸውን በእጃቸው እየመሩ በሙሽሪትና በእናቷ ዙሪያ ክብ አስያዟቸው። አረንጓዴው ዙሪያውን ይዞራል፣ ቀዩ መሐል ላይ ቆሟል። አንዳቸውም ባይኖሩ ያ ቀይ እንደዚያ ባልታየ ነበር፤ እኔ አርብ ዕለት ጠላት ያደረግኋቸው ቀሚሶች ናቸው ያደመቁት።

ምሳው መሐል መምህሯ ወደኔ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ያንን አባባል ለተማሪዎቿ ስታስረዳ አቻ የሌለው እያለች ብቻ ስታልፍ እንደነበር ነገረችኝ። ከእንግዲህ እንዴት እንደምትነግራቸው ጠየቅኋት። «ከብዙ ብጤዎቹ መሐል እናቱ የምትለየው እላቸዋለሁ» አለች። ለመዝገበ ቃላት ይሆን አይሆን እንጃ፤ ለኔ ግን ከዚያ የተሻለ ትርጉም እስከዛሬ አልመጣልኝም።

ማታ ባለቤቴ መሰላሉን ከጎረቤት ተውሶ በሬ ላይ አቁሞ ጠበቀኝ። ቀጠሮ አክባሪ ነው። ታፔላዬን አላወርድም አልኩት። አውቄያለሁ አለኝና መሰላሉ ላይ ወጥቶ አቧራውን በጨርቅ ወልውሎልኝ ወረደ።

የመልሱ ፎቶ ሰፈሩን አዳረሰው። ከሀና ማርያም፣ ከላፍቶ፣ ከማላውቀውም ሰፈር ስልካቸውን ይዘው መጡ፤ ቀይ ጥለት፣ ቀጥ ያለ፣ «ልክ እንደዚህ»። ማንንም አላባረርኩም፤ የእናትሽን ነጠላ አምጪ ነው የምላቸው። የእናቷ ከሌለ የአክስቷን፣ የአያቷን ጋቢ፣ የአባቷን ኩታ፣ ከሳጥን ስር ያለውን ሁሉ። እያመጡ ነው። እስካሁን አንዱ ከአንዱ ገጥሞ አያውቅም። ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ታፔላውን ቀይሯል፤ ባጃጁ ግን አሁንም ዘመዴ ነው።

ከሁሉም ቀድመው የመጡት አማትየዋ ነበሩ። ከመልሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ፌስታል ይዘው ገቡ፤ አሁን ውስጡ ያለው የእናታቸው ነጠላ ነበር፣ ጥለቱ ሰማያዊ፣ ከመታጠፉ ብዛት መስመር የሠራ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልክ እንደሷ አድርጊልኝ።»

ልክ እንደሷ እንደማይሆን ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ለዚያ አይደል የመጣሁት?»